የሽምግልናን ስንቅ ለማን አደራ እንስጥ?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ገንዘብ መናገራችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ገና ደመወዝ ያልቈጠራችሁ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ስለ ጡረታ ምን አገባችሁ የሚለንም አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። በነገሌ ቦረናም ሆነ በያቤሎ፣ በሞያሌም ሆነ በፊልቱ፣ ብዙ አባት የውል ወረቀት ሲቀርብለት «አንብብልኝ» ብሎ የሚጠራው ተማሪ ልጁን ነው። አባት የሚፈርመው ልጁ ባነበበለት መጠን ነው። ስለዚህ በወላጆቻችን የሽምግልና ስንቅ ላይ የእኛም እጅ አለበት።

በቈላው አገራችን የሽምግልና ስንቅ ከጥንት ጀምሮ ከብት ነው። መንጋው ያለቀበትን ሰው ጎሣው ከየበረቱ አዋጥቶ እንደገና የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል መልካም ሥርዐትም አለ። ነገር ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ ጋናም ሀገያም ሲቀሩ፣ ሰጪውና ተቀባዩ በአንድነት ተቸገሩ። ሀብትን ሁሉ በአንድ በረት ማኖር አደገኛ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረን የለም። ዮሴፍም በግብፅ አገር የጥጋቡን ዘመን እህል ያከማቸው ለረኃቡ ዘመን ነበር።

እንግዲህ ከከብቱ ሌላ ምን አለ? የመንግሥት ሠራተኛ በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ጡረታ ተደንግጎለታል። የግል ድርጅት ሠራተኛም በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ይኸው መብት ተሰጥቶታል። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። የከብት ነጋዴው፣ በራሱ መኪና የሚያድረው ሹፌርና ሻይ ቤት ከፍታ ልጆቿን የምታስተምር እናት ግን 11ዱን የሚጨምርላቸው አሠሪ የላቸውም።

ገንዘቡን ባንክ ማስቀመጥ ደግ ነው፤ ለተቀማጭ ገንዘብ እስከ 100,000 ብር ድረስ የመድን ዋስትና ተደንግጓልና። ይሁን እንጂ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከፍ ተደርጎ የደረሰው 7 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋው ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100 ብር 107 ሲሆን በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 130 ከሆነ፣ ቈጣቢው ገንዘቡን ሳይነካ ደኸየ ማለት ነው።

ስለዚህ ሰው አክሲዮን ልግዛ፣ ገንዘቤን ሥራ ላይ ላውል ማለቱ ትክክል ነው። አገራችንም በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248ን አውጥታለች፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ገበያ ሲከፈት ደግሞ መካሪ ይመጣል። አንዱ ፈቃድ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ከረባትና ላፕቶፕ ብቻ ይዞ ይመጣል። ሁለቱን ለመለየት አምስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

፩ኛ፤ ፈቃድ የሰጠህ ማን ነው? በአዋጁ መሠረት ስለ ኢንቬስትመንት ምክር በመስጠት የሚተዳደር ሁሉ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ከባለሥልጣኑ መጠየቅ እንጂ መካሪው ባሳየን ወረቀት መርካት አይገባም። ሆኖም ፈቃድ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ያለው ሹፌር ሁሉ በአዶላ መንገድ መኪናውን ሳይገለብጥ ይደርሳል ማለት አይደለምና።

፪ኛ፤ እንጀራህ ከማን ነው? በከብት ገበያ ደላላው ከሻጭም ከገዢም እንደሚቀበል ልጅ እንኳ ያውቃል። መካሪው የሚከፈለው ከእኛ ብቻ ነው ወይስ አክሲዮኑን ከሚሸጠው ኩባንያ ጭምር? ክፍያውም ትንሽ መስሎ እንዳያታልለን በሒሳብ እንየው። 100,000 ብር በየዓመቱ 10 በመቶ እያተረፈ 20 ዓመት ቢቀመጥ 672,750 ብር ይሆናል። በየዓመቱ 2 በመቶው ለመካሪ ተከፍሎ ትርፉ 8 በመቶ ቢሆን ግን 466,096 ብር ብቻ ነው። ያቺ «ሁለት በመቶ ብቻ» የተባለችው ከ206,000 ብር በላይ ወሰደች።

፫ኛ፤ ገንዘቡን የሚይዘው ማን ነው? ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ጥያቄ ነው። ቱላ የተባሉት የቦረና ጥልቅ ጕድጓዶች አባ ሄሬጋ የሚባል ተራ አስከባሪ አላቸው። ማን መቼ ከብቱን እንደሚያጠጣ እርሱ ይቈጣጠራል፤ ውሃው ግን የእርሱ አይደለም፤ ሥራውንም ሕዝብ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። መካሪም እንዲሁ መሆን አለበት፤ ይምከር እንጂ ገንዘቡን በኪሱ አይያዝ። በኒውዮርክ በርናርድ ማዶፍ የተባለ ሰው ነበር። ናስዳክ የተባለው የአክሲዮን ገበያ ሊቀ መንበር ሆኖ የሠራ፣ እጅግ የተከበረ ሰው ነው። የደንበኞቹን ገንዘብ የሚያዘው፣ የሚይዘውና የሒሳብ መግለጫውን የሚጽፈው የእርሱ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በተያዘ ጊዜ በወረቀት ላይ 65 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሀብት ተጽፎ ተገኘ፤ ተገዛ የተባለው አክሲዮን ግን አልተገዛም ነበር። ስንት ሽማግሌና ባልቴት በዚያ ወረቀት ተማምነው ኖረዋል!

፬ኛ፤ የምትሰጠን ተስፋ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1920 ቻርልስ ፖንዚ በቦስተን ከተማ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ አለ። ለፊተኞቹ የከፈለው ከኋለኞቹ በተቀበለው ገንዘብ ነበር፤ ዓመቱም ሳያልቅ ወደቀ። ትርፍ ባለበት ሁሉ ኪሣራ ይኖራልና፣ አደጋውን ሳይነግረን ትርፉን ብቻ የሚነግረን መካሪ፣ ሳሩን አሳይቶ ገደሉን የሚሸሽግ ነው።

፭ኛ፤ ውሉ የማይሸፍነው ምንድን ነው? መውጫውስ የት ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በቦረና የከብት መድን ጀመረ። ክፍያው የሚታዘዘው የአንድ ሰው ላም ስለ ሞተች ሳይሆን፣ በሳተላይት ሲታይ የአካባቢው ግጦሽ ከተወሰነው ልክ በታች ሲደርቅ ነው። እንግዲህ ላሙ በበሽታ የሞተችበት ሰው ክፍያ አያገኝም። ይህ ማታለል አይደለም፤ የውሉ ባሕርይ ነው። ነገር ግን ሲፈረም ያልተነገረ እውነት በኋላ ክሕደት ሆኖ ይታያል። ገንዘቡን ከጊዜው በፊት ብንፈልገው ምን ያህል እንደሚቈረጥብን መጠየቅም ከዚሁ ይቈጠራል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ነውር አይደለም። በዕቁብ ዳኛው እጣ ለወጣለት ሰው «ዋስህን አምጣ» ሲለው ማንም አይቀየምም። የአንድ ወር ዕቁብ ዋስ ከተጠራለት፣ የሠላሳ ዓመት ድካም እንዴት ያለ ዋስ ይቀራል? ለታማኝ መካሪ ጥያቄ ክብሩ ነው፤ የሚቈጣ ቢኖር መልሱን በቍጣው ሰጥቷል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከእኛ የሚፈለገውም ከባድ አይደለም። ወረቀቱን ስናነብ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንዝለል። ያልገባንን ቃል በግምት አንተርጕም፤ «ይህ አልገባኝም፣ የሚያውቅ እንጠይቅ» ማለት ተማሪን አያሳፍርም። ወረቀቱ በመጣበት ቀን እንዳይፈረም፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት እንዲያድር እንለምን። ያኔ ወላጆቻችን ለትምህርታችን የከፈሉት ገንዘብ ከሁሉ የተሻለ ትርፍ ያስገኘ ይሆናል።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።