ስለ ጥላቻና ስለ አንዲት ሴትዮ ቃል



ባለፈው ሐዘን ቤት የዕድሩን ወንበር የሚሸከሙት ልጆች አንዱን ጎረቤታችንን በዘሩ ሲሰድቡት ሰማን። ሰምተንም ዝም አልን። ስለዚህ ነው ዛሬ የምንናገረው።

ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ ሙሉጌታ ሥራው የተባለውን የ28 ዓመት ወገናችንን ፀጉራቸውን የተላጩ ሦስት ዘረኛ ወጣቶች ደብድበው ገደሉት። አያውቁትም እኮ! ጥቁር መሆኑን ብቻ አዩ።

የእነዚያ መሰሎች አለቃ የነበረ፣ አርኖ ማይክሊስ የሚባል የሚልዋኪ ሰው አለ። በወጣትነቱ ጣቱ ላይ የናዚ ምልክት ተነቅሶ ምግብ ሊገዛ ይገባል። የምትሸጠው ጥቁር አሮጊት ምልክቱን አየች። አልሰደበችውም፤ አንተ ከዚህ የተሻልህ ሰው ነህ አለችው። ከፊቷ ሸሸ። ወዲያው ተለወጠ ብንል ግን ውሸት ይሆናል፤ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ልጅ ወልዶ ብቻውን ማሳደግም ነበረበት። ቃሏ ግን ከልቡ አልወጣም።

ሐምሌ 29 ቀን 2004 ዓ.ም. በኦክ ክሪክ የሲኮች ቤተ ጸሎት አንድ ዘረኛ ምእመናንን ገደለ። አባቱ የተገደለበት ፓርዲፕ ካሌካ አርኖን ፈልጎ አገኘው፤ ወዳጆች ሆነው ተማሪዎችን አብረው አስተማሩ።

እኛ በጸሐፊነታችን ዘመን ስንቱን ባለጉዳይ ቀና ብለን ሳናየው ነገ ና ብለናል። ያቺ ሴትዮ ምግብ እየሸጠች ጊዜ አገኘች።

የፊታችን እሑድ ልጆቹን ቡና ጠርተናቸዋል። የተሰደበውም ጎረቤታችን እመጣለሁ ብሏል።