የቤት ጠብና የልጆች አእምሮ



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ የቤት ገመና ነው እየተባለ ሲሸፈን የኖረ ነው። አባት እናትን በሌሊት ሲመታ፥ «ልጆቹ ተኝተዋል» ይባላል። እነርሱ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ እንጂ አልተኙም። ዱላው በገላቸው ላይ ባያርፍም እንኳ ፍርሃቱ በልባቸው ያርፋል።

በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነና ትዳር ከያዙ ሴቶች መካከል ከ100ው 34ቱ ከባላቸው የአካል፥ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። እንግዲህ እንዲህ ካለው ቤት የሚመጡ ልጆች በየክፍላችን መኖራቸውን መገመት አያዳግትም።

ሌሊቱን ኮቴ ሲያዳምጥ ያደረ ሕፃን፥ ቢነጋም ሰውነቱ ከሥጋት አይፈታም፤ አደጋን በመጠባበቅ የተያዘ አሳብም ለቁጥርና ለንባብ አይተርፍም። እኛ ይህን ስንፍና እንለዋለን። አንዱ በጥቂት ነገር ተቈጥቶ ይማታል፤ ባለጌ እንለዋለን። ሌላይቱ ድምፅዋን ሳታሰማ የታዘዘችውን ሁሉ ትፈጽማለች፤ ጨዋ ብለን እናመሰግናታለን። ነገር ግን የሁለቱም ጠባይ ከአንድ ፍርሃት የተወለደ ሊሆን ይችላል።

ከብዙ ዓመታት በፊት የቤት ሥራውን ያልሠራ አንድ ተማሪዬን «አባትህን ይዘህ ና» ብዬ ሰደድሁት። በማግሥቱ ጉንጩ አብጦ ብቻውን መጣ። አባቱ እርሱን ከመታ በኋላ፥ «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» ብሎ እናቱንም መምታቱን ዘግይቼ ሰማሁ። የእኔ ትእዛዝ ለዚያ ዱላ ምክንያት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አባት ከማስጠራቴ በፊት ልጁን ለብቻው አድርጌ በቀስታ መጠየቅን ተማርሁ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በ564ኛው አንቀጽ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ ከዱላ ሸሽቶ የመጣውን ልጅ በዱላ አንቀበለው፤ ነገሩንም ገመና ነው ብለን አንለፈው።

ወገኖቼ ሆይ፤ የተጎዳ ልጅ የሚያገግመው የሚታመን፥ ጠባዩ የማይለዋወጥ አንድ ታላቅ ሰው ሲያገኝ ነው። ያ ሰው በቤቱ ከታጣ፥ በክፍሉ ውስጥ ይገኝ።