የዛፍ ሽበት፤ የአየር ምስክር

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው ሁላችን በየቀኑ እያየነው ስለምናልፈው አንድ ትንሽ ፍጥረት ነው። ከሂርና ከተማ ወጥቶ ወደ ጋራው የሚሄድ ሰው በአሮጌ ጥድ ግንድና በድንጋይ ላይ አመድማ፣ አረንጓዴ ወይም ብጫ ሆኖ የተለጠፈ ነገር ያያል። ከፍ ባለው ደጋ ደግሞ ይህ ነገር እንደ ሽማግሌ ጢም ከቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ሕዝባችን የድንጋይ ሽበት፣ የዛፍ ሽበት ይለዋል፤ የሳይንስ ሰዎች ላይከን ይሉታል።

ብዙ ሰው ይህን የዛፉ በሽታ ያደርገዋል፤ እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ላይከን ከዛፉ ምግብ አይወስድም፤ ዛፉ መቀመጫው ብቻ ነው። ደግሞም አንድ ፍጥረት ሳይሆን የፈንገስና የአልጌ ማኅበር ነው። ፈንገሱ ቤት ይሠራል፣ ውሃም ይይዛል፤ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። ሲሞን ሽቬንደነር የተባለ የስዊስ ሊቅ ይህንን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1867 ዓ.ም. በገለጠ ጊዜ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም ነበር። እኛ ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንል ሕዝብ ስለ ሆንን ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም።

ታዲያ ይህ ፍጥረት የአየር ምስክር የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? ላይከን ሥር የለውም፤ የሚጠጣውና የሚመገበው ከዝናብ፣ ከጉምና ከነፋስ ነው። የሌላው ተክል ቅጠል ሰም የመሰለ ልባስ አለው፤ ላይከን ግን ይህ ስለሌለው በአየር ውስጥ ያለውን ደጉንም ክፉውንም ሳይመርጥ ይቀበላል። ዕድገቱም እጅግ ዝግተኛ ነው፤ በድንጋይ ላይ ከሚለጠፉት ብዙዎቹ በዓመት 1 ሚሊሜትር እንኳ አያድጉም። ስለዚህ የዛሬውን አየር ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ዓመታት አየር ጭምር በገላው ይዞ ይኖራል።

ይህን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ዊልያም ኒላንደር የተባለ የፊንላንድ ተወላጅ ነው። እርሱም በ1866 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ በሉክሳምቡርግ የአትክልት ሥፍራ ብዙ ዓይነት ላይከን አገኘ፤ በሌላው የከተማው ክፍል ግን ጠፍቶ ስላየ፣ ላይከን የአየር ጤንነት መለኪያ ይሆናል ብሎ ጻፈ። የለንደንም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። በ1952 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር የድንጋይ ከሰል ጭስ ከተማይቱን 5 ቀን ሸፍኗት በሺህ የሚቆጠር ሰው ሞተ። በ1956 ዓ.ም. የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባለው የድኝ ጋዝ እየቀነሰ በሄደ መጠን፣ ጠፍተው የነበሩት ላይከኖች ከዓመታት በኋላ ወደ ከተማይቱ ተመለሱ።

ላይከን በመልኩ በሦስት ይከፈላል፤ ይኸውም እንደ ቅርፊት የተለጠፈው፣ እንደ ቅጠል የተዘረጋውና እንደ ጢም የተንጠለጠለው ነው። አየር ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠፋው ጢም የመሰለው ነው፤ የተለጠፈው የበለጠ ይታገሣል።

እኔም ይህን እንደ ተማርሁ ቸኰልሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው አውራ ጎዳና በከተማችን መካከል ያልፋል። በመንገዱ ዳር ያለ አንድ ባሕር ዛፍ መርምሬ ምንም አጣሁበት። ወደ ጋራው ወጥቼ አንድ ትልቅ ጥድ ብመለከት ግንዱ በላይከን ተሸፍኗል። ወዲያው በደብተሬ «የመኪና ጭስ ላይከኑን ፈጀው» ብዬ ጻፍሁ፤ አንድ ታላቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ።

መምህራችን ደብተሬን አይተው፣ «ልጄ፣ ዛፎቹ አንድ ዓይነት ናቸው? ዕድሜያቸውስ? የቆሙበት ከፍታስ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን እየላጠ ስለሚጥል ላይከን ሊቆይበት እንደማይችል አላሰብሁም ነበር። ምስክሩን ሳልጠይቅ ፍርድ ሰጥቼ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያሳተኝ ከፍታው ነው። ሚኤሶ በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ከዚያ ዛሬ ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ በኩል ሽቅብ ተጕዞ ሂርና የደረሰ ሰው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የጋራ ሙለታ ራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቍጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ጉሙም ይበዛል። ጉም የላይከን መጠጥ ነው። በስሜን ተራሮች የአስታ ዛፍ ሁሉ ጢም አውጥቶ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ያ ጢም በቆላ ቢታጣ የቆላው አየር ቆሽሿል ማለት አይደለም፤ ጉም አነሰው ማለት ሊሆን ይችላል።

ጭሱም ቢሆን በተራራ አገር የራሱ መንገድ አለው። በብርድ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከበላዩ ሞቅ ያለው አየር እንደ ክዳን ይገጥምበታል። የየቤቱና የየመኪናው ጭስ ከክዳኑ በታች ተኝቶ ያድራል። በማለዳ ከጋራ ላይ ሆኖ ወደ ታች የተመለከተ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። በአንድ ከፍታ ላይ፣ አንድ ዓይነትና በውፍረት የሚቀራረቡ ዛፎች፣ ከመንገድ አጠገብና ከመንገድ ርቀው የቆሙትን መምረጥ ነው። አውሮፓውያን በ2014 ዓ.ም. ባወጡት ደንብ መሠረት ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ በግንዱ አራት ማዕዘን፣ በሰሜን፣ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሳንቲሜትር የሆነ 5 ካሬ ያለው መሰላል ይደረጋል። በ20ው ካሬ ውስጥ የተገኘው የላይከን ዓይነት ይቈጠራል። አንዱ ከፍታ ካለቀ በኋላ ብቻ ወደሚቀጥለው ይወጣል። ገመድ፣ ማስመሪያና ደብተር ይበቃሉ። ይህ ሥራ ለድሃ ትምህርት ቤትም አይከብድም።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ላይከን የማይመሰክርበትም ቦታ አለ፤ እርሱም የወጥ ቤታችን ውስጥ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2020 ዓ.ም. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ምስክሩ በጣራው ላይ ያለው ጥቀርሻና የእናቶቻችን ሳል ነው። ስለ አውራ ጎዳናው ጭስ ስንነጋገር የምድጃውን አንርሳ፤ ጭስ መውጫ መክፈት የልጅ እጅም የሚችለው ሥራ ነው።

በመጨረሻ ሁለት ልመና አለኝ። ወላጆች ሆይ፣ አሮጌዎቹን ዛፎች አታስቆርጡ፤ ዛፉ ሲወድቅ የብዙ ዓመት ምስክር አብሮ ይወድቃል። ጓደኞቼ ሆይ፣ በየዓመቱ እነዚያኑ ዛፎች ቈጥረን በአንድ መዝገብ እንጻፍ። እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን፤ መዝገቡ ግን ይቀራል። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ልጆች አየራቸው ተሻለ ወይስ ከፋ ብለው ሲጠይቁ፣ እኔ በችኮላ የጻፍሁትን ሳይሆን ሁላችን በትዕግሥት የቈጠርነውን ያግኙ።