ግድግዳው ቢፈርስ ደንበኛው እንዳይጠፋ

(በወረርሽኝ ጊዜ በስልክና በኢንተርኔት ስለ መሸጥ በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

እህል ጎተራ ስለገባ ብቻ ገንዘብ አይሆንም። ገንዘብ የሚሆነው ከተማ ያለ አንድ ቤተሰብ ከአንድ ሱቅ ሲገዛው ነው። ስለዚህ የከተማው ቸርቻሪ ሲታመም አርሶ አደሩም አብሮ ይታመማል። ይህ በግልጽ የታየው በ2012 ዓ.ም. ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ይፋ ሆነ። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መሰባሰብ ተከለከለ፤ ታክሲና አውቶቡስም ከወትሮው ግማሽ ያህል ሰው ብቻ እንዲጭኑ ተደረገ። የፒያሳው አትክልት ተራም መጨናነቁን ለመቀነስ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ሽንኩርትና ቲማቲም ግን አዋጅ ሰምተው መበላሸታቸውን አያቆሙም።

በአዲስ አበባ እምብርት፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የምትገኘውን ካዛንቺስን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና ትላልቅ ሆቴሎች ጎረቤቶቿ ናቸው። በዚያን ጊዜ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባልትና ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱና አትክልት ሻጩ ተጠጋግተው ይሠሩ ነበር። ገበያቸው የቆመው በሁለት እግር ነው፦ አንዱ የሰፈሩ ነዋሪ፣ ሌላው ለሥራና ለስብሰባ የሚመጣው ሰው። ስብሰባ ሲቀር ሁለተኛው እግር ተሰበረ፤ ነዋሪውም ከቤት መውጣት ፈራ።

መውጫው ስልክ ሆነ። ከወረርሽኙ በፊትም እንደ ደሊቨር አዲስ ያሉ ድርጅቶች ምግብ በትእዛዝ ቤት ድረስ ያደርሱ ነበር። ትንሹ ሱቅ ግን ድረ ገጽ ለማሠራት አቅም የለውም። በእጁ ያለው የደንበኞቹ ስልክ ቁጥር፣ ቴሌግራምና ዕቃ የሚያደርስ የሞተር ብስክሌት ልጅ ነው። እነዚህ ሦስቱ ለመጀመር ይበቃሉ። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ እርሱም እምነት ነው። ሱቅ የሚመጣ ገዢ ምስሩን በእጁ ዘግኖ ያያል፣ ሚዛኑን ይቆጣጠራል። በስልክ የሚያዝ ግን ፎቶ ብቻ አይቶ ይከፍላል። አንድ ጊዜ ከተታለለ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆንበታል፤ ዳግም አይመለስም።

ይህ ከእኛ አገር በፊት በቻይና ታይቷል። በ1995 ዓ.ም. የሳርስ በሽታ ቤጂንግን ሲመታ፣ ሊዩ ቺያንግዶንግ የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ሱቆቹን ዘግቶ በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረ። ሐሰተኛ ዕቃ የማይሸጥ መሆኑ ቀድሞ ይታወቅለት ስለነበር ሳያዩት የሚገዙት ሰዎች አገኘ። ንግዱ በኋላ ጄዲ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ሆነ።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች በተግባር ማዋል ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ የሚለጠፈው ፎቶ የዕለቱ ዕቃ ፎቶ ይሁን። ሰርገኛ ጤፍ ከሆነ «ሰርገኛ» ይባል እንጂ «ማኛ» አይባል። የኪሎው ዋጋ፣ የከረጢቱ ክብደትና የማድረሻው ሒሳብ ተለይቶ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የማድረሻ ወጪ ይሰላ። የአንድ ጉዞ ሒሳብ 200 ብር ነው እንበል። ለአንድ ቤት 5 ኪሎ ምስር ብቻ ከተላከ በኪሎ 40 ብር ይጨምራል። አንድ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ 10 ቤተሰቦች በአንድ ቀን 5 ኪሎ ቢያዙ ግን ጭነቱ 50 ኪሎ፣ ጭማሪውም በኪሎ 4 ብር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለየሰፈሩ የማድረሻ ቀን መወሰን ይገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለአምራች ብቻ ሳይሆን ለገዢም ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ክፍያ ይረጋገጥ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል እየተለመደ መጥቷል። ሆኖም ገዢው በላከው የደረሰኝ ፎቶ ብቻ ዕቃ አይለቀቅ፤ ገንዘቡ በሻጩ ሒሳብ መግባቱ ይታይ።

አራተኛ፣ የተበላሸ ዕቃ ሲመለስ ያለ ክርክር ይለወጥ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረግ ግብይት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። በመሆኑም በስልክ የተላከ ቃል እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም።

አምስተኛ፣ የደንበኛው ስም፣ ስልክና የሚገዛው ዕቃ በወረቀት ደብተርም ይመዝገብ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ቴሌግራም ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሻጭ ደንበኛው የት እንዳለ አያውቅም። ቁጥሩን በደብተር የያዘ ግን መደወል ይችላል።

ክቡራትና ክቡራን፣

ወረርሽኙ ካለፈ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱን የሰጠችው ራሷ ካዛንቺስ ናት። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የሰፈሩ አብዛኛው ክፍል ፈርሶ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ሱቅና ደንበኛ ለየብቻ ተበተኑ። ለዓመታት በዱቤ የሚያበላ፣ የእያንዳንዱን ቤት የበርበሬ ልክ የሚያውቅ ባለሱቅ በአንድ ጊዜ ጎረቤት አጣ። ደንበኞቹን በፊት ብቻ የሚያውቅ ሰው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስልካቸውንና አመኔታቸውን የያዘ ግን ገላን ጉራ ድረስም ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን ዕቃ ሊልክላቸው ይችላል።

ለዩኒየኑም ትምህርቱ ይኸው ነው። ዛሬ ምርቱን የሚረከበው ሱቅ ነገ ሊዘጋ ወይም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ዩኒየኑ በከተማ ያሉትን ሸማች ማኅበራትና ቸርቻሪዎች መዝገብ ይያዝ፤ በ5 እና በ10 ኪሎ የታሸገ፣ የአምራቹ ማኅበር ስምና የታሸገበት ቀን የተጻፈበት ምርት ያቅርብ፤ ስልክ የሚያነሣና ትእዛዝ የሚመዘግብ አንድ ሠራተኛ ይመድብ። ከሁሉ በላይ ግን አባሉ ከማሳው ጀምሮ ጠጠርና አፈር ያልተቀላቀለበት እህል ያስረክብ። ከረጢቱ አዲስ አበባ ሲፈታ የሚገኘው ጠጠር የሚያሳጣው የአንድ ኪሎ ዋጋ ሳይሆን ደንበኛውን ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!