በዛብህ የማን ልጅ ነው?

(ፊደል ለቆጠሩ የፍኖተ ሰላም አካባቢ ገበሬዎች በአንድ ዘማች ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ወባ ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ስለ ሰዎች ነው። ሰዎቹ ግን በሥጋ የኖሩ አይደሉም። ከደራሲ ልብ የወጡ፣ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች «ገጸ ባሕርያት» ይባላሉ። ቃሉ ከባድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ገጽ ማለት ፊት ነው። ባሕርይ ማለት ጠባይ ነው። እንግዲህ ገጸ ባሕርይ ማለት ፊቱና ጠባዩ በጽሑፍ የተሳለ ሰው ማለት ነው።

«በሕይወት ያልነበረን ሰው ማወቅ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ታሪኩን ከነገርኋችሁ በኋላ እመልሰዋለሁ።

መጽሐፉ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይባላል። የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። የጎጃም ሰው ናቸው፤ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ዘምተው ተዋጉ፤ ተማርከውም በጣሊያን አገር ለዓመታት ታስረዋል። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ወጋየሁ ንጋቱ የተባለው ተዋናይ በሬዲዮ ስለ ተረከው፣ ማንበብ የማይችለው ሰው ሁሉ ታሪኩን በጆሮው ሰማው።

ታሪኩ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። የሚጀምረው ማንኩሳ ነው። አዎን፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት የእኛይቱ ማንኩሳ ናት። ከመካከላችሁ እህል ጭኖ ያለፈባት ብዙ ሰው ነው።

በዚያች ማንኩሳ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ባልና ሚስት አንድ ልጅ ወለዱ። ስሙን በዛብህ አሉት። ልጁ በሽታ አላስቀምጠው አለ። ወላጆቹም እንዲተርፍላቸው ብለው ስለት ተሳሉ። «ልጃችን ካደገ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይሁን» አሉ። ልጁ ተረፈ። ስለቱ ግን እንደ ጠፍር ሆኖ ዕድሜውን ሁሉ አሰረው። ትዳር መያዝ፣ ጎጆ መውጣት የማይቻለው ሆነ። ልብ በሉ፤ ያሰሩት ጠላቶቹ አይደሉም። የሚወዱት ናቸው።

በዛብህ አድጎ ለትምህርት ከአገሩ ወጣ። ዲማ ጊዮርጊስ ደርሶ ቅኔ ተማረ። በዚያ አገር ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ባላባት ነበሩ። ሰብለ ወንጌል የምትባል ልጅ አለቻቸው። ፊታውራሪ ዘር ቆጣሪ ናቸው። ለልጃቸው ባል የሚፈልጉት አጥንት እየቆጠሩ ነው። አንዱን «ዘሩ አይመጥነንም»፣ ሌላውን «አያቱ እገሌ ነው» እያሉ ሲመልሱ ልጅቱ ሳታገባ ቆየች። በኋላ ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምራት በዛብህን ቀጠሩላት። ፊደል ሲያስቆጥራት ሁለቱ ተዋደዱ።

እንግዲህ ችግሩ ይኸው ነው። በዛብህ የማን ልጅ ነው? የማንኩሳ ገበሬ ልጅ ነው። ዕውቀቱ፣ ጨዋነቱ፣ ቅን ልቡ ሁሉ በሚዛን ላይ አልወጣም። የተመዘነው አጥንቱ ብቻ ነው። ነገሩ ሲታወቅ በዛብህ ነፍሱን ለማዳን ወደ አዲስ አበባ ሸሸ። ሰብለ ወንጌልም መነኩሴ መስላ ተከተለችው። ስትደርስበት ግን እሱ ሊሞት እያጣጣረ ነበር። እሷም መነኮሰች። በመጨረሻ ያገናኛቸው መቃብር ነው።

ሌላም ሰው አለ። ካሳ ዳምጤ ይባላል። የፊታውራሪ ዘመድ፣ የባላባት ወገን ነው። ዳሩ ግን ድሃ መበደሉን፣ ሰው በዘሩ መናቁን ፊት ለፊት ይቃወማል። ስለዚህ ሰው ሁሉ እብድ አደረገው። «ጉዱ ካሳ» ብለውም ስም አወጡለት። መጽሐፉን አንብበን ስንጨርስ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ጤነኛ እሱ ሆኖ እናገኘዋለን።

አሁን ገጸ ባሕርይን እንዴት እንደምንረዳ ላሳያችሁ። ሦስት ጥያቄ ይበቃናል።

አንደኛ፤ ሰውዬው ምን አደረገ? ሰው ስለ እሱ ምን አለ ብለን አንነሣ። ስለ ጉዱ ካሳ አገሩ «እብድ ነው» ይላል። ሥራው ግን ሌላ ይናገራል።

ሁለተኛ፤ እጁን ያሰረው ምንድን ነው? በዛብህን ስለትና ድህነት አሰሩት። ፊታውራሪንም ያሰራቸው ነገር አለ፤ ኩራታቸውና «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት ነው። ልጃቸውን የሚጠሉ አባት አይደሉም። የሚወዷትን ልጅ በወግ ገደሏት። ይህን ማወቅ ጥፋታቸውን አያጥበውም። ጥፋት በክፉ ሰው እጅ ብቻ እንደማይሠራ ግን ያስተምረናል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከባድ ነው። ከነዚህ ሰዎች ውስጥ እኔ ማንን እመስላለሁ?

ይህን ጥያቄ ያስተማሩኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ባስተማርሁበት መንደር ከትምህርት በኋላ ማታ ማታ በፋኖስ መጽሐፉን አነብላቸው ነበር። ስጨርስ እናቶች አለቀሱ። «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ቤቱ ሁሉ ባንድ አፍ «ፊታውራሪ!» አለ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ የገበሬ ልጅ ሰው አይደለም እንዴ? ለበዛብህ ሊድሯት ይገባ ነበር» አሉ። ሁሉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ።

እኔም እንዲህ ስል ጠየቅሁ። «አባባ፣ የርስዎን ልጅ ለቀጥቃጩ ልጅ ይድራሉ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ፋኖሱ ሲነድ ይሰማ ነበር።

«ኧረ ይኸስ ሌላ ነው» አሉ ሽማግሌው ቆይተው። «ይኸ የአባቶቻችን ወግ ነው።»

«ፊታውራሪም ያሉት ይህንኑ ነው» አልሁ።

በር አጠገብ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ይቀመጡ ነበር። ከጎናቸው ማንም አይቀመጥም። ከዚያ ቀን በፊት በክፍል ተናግረው አያውቁም። በዚያች ማታ ግን ተናገሩ።

«መምህር፣ እኔ ስታነብልን ያሰብሁት ሰብለን አይደለም። ልጄን ነው። ልጄ ውኃ ሲጠማው በሰው ቤት ዋንጫ አይሰጡትም፤ በእፍኙ ያፈሱለታል። የሚቀዱበትን እንስራ የሠራሁት ግን እኔ ነኝ።»

ይህን ብለው ቁጭ አሉ። እኔም የምጨምረው አልነበረኝም።

ወገኖቼ፣ እናንተን ልወቅስ አልመጣሁም። ወቀሳው ከኔ ይጀምር። ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ቀጥቃጭ ልጅ ጓደኛዬ ነበር። የጨርቅ ኳስ አብረን እንጫወት ነበር። አንድ ቀን ከሰው ማሳ የሽንብራ እሸት ሰርቄ ያለ ልክ በላሁ። ማታ ሆዴን ቆረጠኝ። አያቴ «ቡዳ በልቶታል፤ ያ የቀጥቃጭ ልጅ ነው» አሉ። ሆዴን ያመመኝ እሸቱ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሌብነቴ እንዳይታወቅብኝ ግን ዝም አልሁ። በማግሥቱ ልጆች ድንጋይ ወረወሩበት። ከወርዋሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ጓደኛዬ አላለቀሰም። ቆሞ እኔን ብቻ አየኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። ሃርፐር ሊ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1960 ዓ.ም. በልጆች ዓይን የታየ ታሪክ ጽፋለች። ቦታው አላባማ የሚባል የአሜሪካ ክፍል ነው። በዚያ ዘመን ጥቁሩ ከነጩ ጋር እኩል አይቆጠርም ነበር። አንድ ጥቁር ሰው ያላደረገውን አደረግህ ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃው ነጭ ነው፤ የልጆቹ አባት ነው። ንጹሕ መሆኑን በግልጽ አሳየ። ፈራጆቹ ግን ሁሉም ነጮች ነበሩና ፈረዱበት። ሰውየውም ከእስር ሊያመልጥ ሲል ተተኩሶበት ሞተ። በዚያው መጽሐፍ ከቤቱ የማይወጣ አንድ ጎረቤት አለ። ልጆቹ እንደ ጭራቅ ይፈሩት ነበር። ክፉ ሰው በጨለማ ሊገድላቸው ሲመጣ ግን ያዳናቸው ያ የፈሩት ጎረቤት ነው። እዚያ ሰው በቆዳው ቀለም ተናቀ። እዚህ በእጁ ሥራ ይናቃል። ስሙ ይለያያል እንጂ ግፉ አንድ ነው።

እስቲ እናስብ። ማረሻውን የቀጠቀጠው ማን ነው? እንስራውንና ምጣዱን የሠራው ማን ነው? የለበስነውን ጋቢ ማን ሸመነው? እህል የምንጭንበትን ስልቻ ማን ፋቀው? እነዚህ ሰዎች ባንድ ቀን ቢጠፉ ማረስም፣ መጋገርም፣ መልበስም አንችልም። እንጀራቸውን በላባቸው የሚበሉ ናቸው። ዐፄ ምኒልክ እንኳ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከታወጀ ዘመን አለፈ፤ ስድቡ ግን አልቀረም። አዋጅ ጆሮ ይደርሳል፤ ልብ የሚደርሰው ሰው ራሱን ሲጠይቅ ነው።

ስለ ቡዳም አንድ ነገር ልበል። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቆሻሻ ውኃና ከቆሻሻ እጅ ነው። የሰው ዓይን ሰውን አይበላም። የታመመን ልጅ «ዓይን ነው» ብለን ቤት ብናስቀምጥ ልጁን እንጎዳለን፤ ጎረቤታችንንም ያለ በደሉ እንወነጅላለን። ባንድ ጊዜ ሁለት ሰው በደልን ማለት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። በሕይወት ያልነበረን ሰው ማወቅ ምን ይጠቅማል? ፊታውራሪ መሸሻ ጎረቤታችን ቢሆኑ ኖሮ ፈርተን ወይም አፍረን እውነቱን አንነግራቸውም ነበር። በመጽሐፍ ውስጥ ስላሉ ግን ሳንፈራ ፈረድንባቸው። ፍርዱን ከሰጠን በኋላ ዞር ብለን የራሳችንን ደጅ እንመልከት። ስናነብ ሁላችንም ከተበደለው ጎን መቀመጥ እንወዳለን። በዛብህ ልጃችን ነው፤ የማንኩሳ ልጅ ነው። ነገር ግን ባንድ ሰው ፊት በዛብህ የሆነ ሰው፣ በሌላው ፊት ፊታውራሪ መሸሻ ሊሆን ይችላል።

ከዚያች ማታ በኋላ መንደሩ ተለወጠ ብላችሁ ዋሸሁ ማለት ነው። ሽማግሌው ለሦስት ቀን ከትምህርት ቀሩ። በአራተኛው ቀን መጡ። ቦታቸው ከፊት ነበር። ያን ቀን ግን ወደ በሩ ሄደው ከሸክላ ሠሪዋ እናት አጠገብ ተቀመጡ። ምንም አልተናገሩም። ደብተራቸውን ገለጡና፣ «እስቲ ይችን ፊደል አሳይኝ፣ አመለጠችኝ» አሏቸው። እሳቸውም አሳዩዋቸው። ሌሎቹ እንደ ወትሮው በየቦታቸው ነበሩ።

እንግዲህ በዛብህ የማን ልጅ ነው? መልሱን ከዚህ ቤት ስትወጡ፣ በየደጃችሁ ውኃ የሚለምነውን ልጅ አይታችሁ ንገሩኝ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ገጸ ባሕርይ ማለት ምን ማለት ነው?
2. የበዛብህን እጅ ያሰሩት ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
3. ሰዎች ካሳ ዳምጤን «ጉዱ ካሳ» ያሉት ለምንድን ነው? እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?
4. በመንደራችሁ በእጁ ሥራ የሚናቅ ሰው አለ? ከሥራው ምን ትጠቀማላችሁ?
5. ተናጋሪው ልጅ ሳለ ዝም በማለቱ ምን ጥፋት ደረሰ? እናንተስ እውነት እያወቃችሁ ዝም ያላችሁበት ጊዜ አለ?