ሰውነታችን የሚነግረንና የማይነግረን
(ለቤተሰቦች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በየቤቱ እየዞርን ከቤተሰቦች ጋር ስንነጋገር ስለ ሰውነት የሚቀርቡልን ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ሰው ሲያዛጋ አይተን እኛም የምናዛጋው ለምንድን ነው? ልጆቻችን ዕብራይስጡን በጥቂት ወራት ሲያንበለብሉት፣ እኛ ኡልፓን ተቀምጠን ምላሳችን የሚተሳሰረው ስለ ምን ነው? ሽማግሌ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነቃው ለምንድን ነው? ሁሉም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ በሌላ ቀን እንመለስባቸዋለን። ከሁሉ ይልቅ ደጋግመን የሰማነው ግን የሚከተለውን ነው፦ «ምንም ሳያመኝ፣ እህሌን በልቼ እንቅልፌን ተኝቼ፣ ሐኪሙ በሽተኛ ነዎት የሚለኝ እንዴት ነው? ካላመመኝስ ኪኒኑን ለምን እውጣለሁ?»

ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኛ ባደግንበት አገር በሽታ ማለት የሚያም ነገር ነበር። ወባ ያንቀጠቅጣል፤ ቁስል ይጠዘጥዛል፤ ተቅማጥ አቅም ያሳጣል። የታመመ ሰው ይተኛል፣ መድኃኒት ይፈለግለታል፣ ሲሻለው ይነሣል፤ መድኃኒቱም በዚያው ያበቃል። ይህ ልማድ ለነዚያ በሽታዎች የሚሠራ ልማድ ነበር። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ግን በዚህ መንገድ አይሄዱም። አንዳንድ ወገኖቻችን ኪኒኑን ለሁለት ሳምንት ከዋጡ በኋላ «እኔ ደኅና ነኝ» ብለው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡትም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ለመሆኑ ሕመም ምንድን ነው? በቆዳችን፣ በጥርሳችን፣ በመገጣጠሚያችንና በብዙ የውስጥ አካላችን የተዘረጉ ነርቮች አሉ። እሳት ሲነካን፣ ስለት ሲቆርጠን፣ አንጀት ሲወጠር ወይም አካል ሲያብጥ መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ በሕብለ ሠረሰር በኩል አልፎ አንጎል ሲደርስ «አመመኝ» እንላለን። የሚገርመው፣ የሁሉን ሕመም የሚሰማው አንጎል ለራሱ የሕመም ነርቭ የለውም። አንዳንድ የአንጎል ቀዶ ሕክምና በሽተኛው ነቅቶ ከሐኪሙ ጋር እየተነጋገረ ሊካሄድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚደነዝዘው የራስ ቆዳውና ሽፋኑ ነው። ራሳችንን ሲያመንም የሚያመን አንጎሉ አይደለም። በዙሪያው ያለው ሽፋን፣ የደም ሥሮቹ፣ የራስና የአንገት ጡንቻዎች ናቸው።

ሕመም ቦታውን የሚስትበትም ጊዜ አለ። ከልብ የሚመጡት ነርቮችና ከግራ ክንድ የሚመጡት ነርቮች ወደ ሕብለ ሠረሰር የሚገቡት በአንድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ልብ ደም ሲያጣ አንጎል መልእክቱ ከክንድ ወይም ከመንጋጋ የመጣ ይመስለዋል። በተለይ ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች ደረታቸውን ምንም ሳያማቸው ድካም፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሰማቸው ይችላል።

በዚህ ላይ የቋንቋው ችግር ይጨመራል። በእኛ ዘንድ «ልቤን ያቃጥለኛል» ያሉ እናት አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክቱት ከደረታቸው በታች ጨጓራቸውን ነው። አብሯቸው የሄደው የአሥር ዓመት ልጅ ይህን «ሌቭ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሐኪሙም የልብ ምርመራ ያዛል። «አንጀቴ አረረ» ያሉ አባት ደግሞ ሐዘናቸውን እየተናገሩ ሳለ የአንጀት መድኃኒት ይዘው ይወጣሉ። በመሆኑም ለሐኪም ስትናገሩ ቦታውን በጣታችሁ አሳዩ፤ ጣት ትርጉም አያስፈልገውም። ልጅን የእናቱን ገመና እንዲተረጉም ማስገደድም ለሁለቱም ከባድ ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 እ.ኤ.አ. የጤና ተቋማት በቋንቋና በባህል በኩል ለታካሚው እንዲመቻቹ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ በኩፓት ሆሊም «አስተርጓሚ ይምጣልኝ» ማለት ልመና አይደለም።

አሁን ወደ ስኳር እንመለስ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች ስንበላ ሆዳችን ይፈጨውና ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ስኳሩም ወደ ደም ይገባል። ይህ መጥፎ ነገር አይደለም። አንጎላችን ክብደቱ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ያህል ነው፤ ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ማለት ነው። ሆኖም ሰውነታችን ዐርፎ ሳለ ከሚያነደው ነዳጅ ከመቶ 20 እጁን ያህል የሚወስደው እርሱ ነው፤ በቀን 120 ግራም ገደማ ስኳር ይፈጃል። ነገር ግን ጡንቻችንን የመሰለው አካል ስኳሩን ከደም የሚያስገባው በር ሲከፈትለት ነው። የበሩ ቁልፍ ኢንሱሊን ይባላል፤ የሚሠራውም ከጨጓራ በስተኋላ ባለው ቆሽት ውስጥ ነው። ቁልፉ ሲያንስ ወይም በሩ ሲዝግ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል። ይህ ነው ሱከሬት የሚባለው።

እዚህ ላይ የጥያቄአችን መልስ ይገኛል። ሰውነታችን የስኳሩን መጠን አያውቅምን? ያውቃል፤ ቆሽት በየደቂቃው ይለካዋል። ግን የለካውን ለእኛ አይነግረንም፤ የሕመም ነርቭ የሚያነበው ነገር አይደለምና። የምንሰማው ነገሩ ከመጠን ሲያልፍ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር 180 ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መያዝ ያቅተዋል፤ ስኳሩ ወደ ሽንት ይፈስሳል፤ ሲፈስስም ውሃ ይዞ ይሄዳል። ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣት፣ ያንንም ተከትሎ የማይረካ ጥማት የሚመጣው ከዚህ ነው። ከዚያ በታች ግን፣ ለምሳሌ በ150፣ ሰው ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ ይበላል፣ ይስቃል፣ ሠርግ ላይ ይጨፍራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ስኳሩ የዓይንን፣ የኩላሊትንና የእግርን ደቃቅ ሥሮች ይጎዳል። ነርቮችንም ይጎዳል። መጀመሪያ የሚጎዱት ረጅሞቹ ማለትም እስከ እግር ጣት የሚወርዱት ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ በሽታው ራሱ የማያም ሲሆን፣ ጭራሽ ሊነግረን የሚችለውን ነርቭም ዝም ያሰኘዋል። ጠጠር ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲያቆስል የማይሰማው ሰው የሚኖረው ለዚህ ነው። እግር የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለች ትንሽ ቁስል ተጀምሮ ነው። ሁልጊዜ ማታ እግርን ታጥቦ በጣቶች መካከልና ከሥር ማየት፣ ጫማ ከማጥለቅ በፊት ውስጡን መዳሰስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጎንበስ ማለት የማይችሉ አረጋዊ ካሉ የልጅ ልጅ ይይላቸው።

ብዙዎች «ይህ በሽታ በአገራችን አልነበረም፤ እዚህ ነው የሰጡን» ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንገባ የስኳር በሽታ በመካከላችን ጥቂት ነበር፤ ከመጣን በኋላ ግን በፍጥነት መብዛቱን የአገሩ ሐኪሞች መዝግበውታል። ማንም በመርፌ አልሰጠንም፤ የተለወጠው ኑሮአችን ነው። ጡንቻ በሚሠራበት ጊዜ ስኳሩን ከደም የሚስብበት ሌላ በር አለው፤ ይህ በር ኢንሱሊንን አይጠብቅም። ከወንዝ ውሃ የቀዳች፣ እንጨት የለቀመች፣ ለገበያ የግማሽ ቀን መንገድ የሄደች እናት ሳታውቀው በየቀኑ ስኳሯን ታወርድ ነበር። እዚህ አሳንሰር ይዞን ይወጣል፤ አውቶቡስ ከደጃፍ ያነሣናል።

ምግቡም እንደዚሁ ነው። ጤፍ በጠፋ ጊዜ እንጀራችንን በነጭ የስንዴ ዱቄት ጋገርን። ነጭ ዱቄት ገለባው የወጣለት ስለሆነ ቶሎ ወደ ስኳር ይለወጣል። በጠረጴዛችን ላይ ደግሞ ለእንግዳ ክብር የሚቀመጠው ትልቁ ጠርሙስ አለ። በአንድ ሊትር ተኩል የኮላ መጠጥ ውስጥ 40 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለበት። አርባ! ስኳሩን በሳህን ሰፍረን ለእንግዳ ብናቀርብለት ሰደበኝ ብሎ በሄደ ነበር። ቡናችንንም እናስብ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ከገባባቸው ዘጠኝ ማንኪያ ነው፤ ማታ ሲደገም ዐሥራ ስምንት። ቡና ይቅር ያለ ከመካከላችን የለም፤ ማን ደፍሮ! ስኳሩ ግን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቢቀነስ ምላስ ቀስ ብሎ ይለምዳል።

ስለ ደም ግፊት ጥቂት እንበል። «ደም ብዛት» የሚለው ስማችን ብዙ ሰው አሳስቷል። ደሙ ስለ በዛ የመጣ መስሎት ዋግምት የሚያስቆርጥ አለ። ነገሩ የብዛት ሳይሆን የግፊት ነው። የጓሮ አትክልት የምናጠጣበትን ጎማ አፉን በጣታችን ብንጫነው ውሃው ሳይበዛ ግፊቱ ይበረታል፤ የደም ሥር ሲጠብና ሲደርቅም እንደዚሁ ነው። ልባችን በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ትመታለች፤ በያንዳንዱ ምት ሥሮቹ ይገፋሉ። ግፊቱን የሚለኩ ነርቮች በአንገታችን ባሉት ትልልቅ የደም ሥሮች ላይ አሉ። ነገር ግን እነርሱም የለኩትን ለእኛ አይናገሩም። ከዚህም የባሰው፣ ግፊቱ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ከቆየ ያንኑ እንደ ልክ ይቆጥሩታል። እንግዲህ 170 የደረሰ ሰው «ምንም አይሰማኝም» ቢል አልዋሸም። ኪኒኑን ስንውጥ ግፊቱ ይወርዳል፤ ስናቆመው ተመልሶ ይወጣል፤ ሁለቱንም አንሰማቸውም።

ግፊቱ በአንጎል ውስጥ ያለውን ሥር ሲያፈነዳ ወይም ሲዘጋ ሻቫጽ ይባላል። አንጎል እንደማያመው ተናግረናል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሕመም ሳይሆን ሌላ ምልክት ነው። አፍ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፤ ሁለት እጅ ወደ ላይ አንሡ ሲባል አንደኛው ይወድቃል፤ ንግግር ይተሳሰራል። ይህን ያየ ሰው «ድካም ነው፤ ተኝተው ይነሡ» አይበል። ወዲያው 101 ይደውል፤ ምልክቱ የጀመረበትንም ሰዓት ይያዝ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና ሐኪሙ ቀድሞ የሚጠይቀው ሰዓቱን ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም የስኳር ኪኒን የሚውጡ ሰዎች ስኳራቸው ከመጠን በታች ሊወርድባቸው ይችላል። ከ70 በታች ሲሆን ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይቆጣል፣ እንደ ሰካራም ይናገራል፤ ነዳጅ ያጣው አንጎሉ ነው። ለእርሱ ወዲያው ግማሽ ብርጭቆ ጣፋጭ መጠጥ መስጠት ያስፈልጋል፤ ራሱን ከሳተ ግን ምንም ወደ አፉ ሳይደረግ 101 ይጠራ። ስለዚህ በአስተስርዮም ሆነ በስግድ ለመጾም ያሰበ የስኳር ሕመምተኛ ቀደም ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሕይወትን ማዳን ከጾሙ እንደሚቀድም ቄሶቻችንም ራቢዎችም ያስተምራሉ።

ኢንሱሊን ራሱ የቆየ መድኃኒት አይደለም። ቶሮንቶ ውስጥ በጥር 1922 እ.ኤ.አ. ሌናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ከዚያ በፊት እንደ እርሱ ያለ ሕፃን ሁሉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞት ነበር። «መርፌ የጀመረ ሰው አለቀለት» ለሚሉ ሰዎች ይህን ንገሩልን።

በመጨረሻ ስለ ወረቀቱ። ሰውነታችን ስለማይነግረን የሚነግረን የደም ምርመራው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ በዕብራይስጥ ነው። ቁጥሩ ግን በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው። ሳይበሉ የተወሰደ ስኳር ከ100 በታች ከሆነ ደኅና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ሱከሬት ነው። «ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን ጣፋጭ ካልበላሁ ይወርድልኛል» የሚሉ አሉ። ለዚህም ሁለተኛ ቁጥር አለ፤ ሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ ይባላል። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ነው፤ በዚያ ዘመኑ ያገኘው ስኳር ይለጠፍበታል። ስለዚህ ይህ ቁጥር የሚናገረው የትናንቱን ሳይሆን ያለፉትን ሦስት ወራት ነው፤ 6.5 ከደረሰ ሐኪሙ ስኳር በሽታ ይለዋል። የግፊቱ መለኪያ ሁለት ቁጥር ነው፤ ተደጋግሞ ሲለካ 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ወረቀታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እዚሁ ቆዩ፤ ቡናው እስኪፈላ አንድ በአንድ አብረን እናነባለን። ለማንም የማይታይ እንዲሆን ከወዲያ ጥግ ጠረጴዛ አዘጋጅተናል፤ ለእናቶች ሴት አንባቢ አለች። መነጽር የረሳችሁም ተዋሱ።