ዛፉ ቢደርቅም የማይደርቅ ተስፋ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ)

የንባብ ክፍል፦ ዕንባቆም 3፥16-19፤ 1ኛ ጴጥሮስ 1፥3-7

በእንጅባራም ሁኑ በዳንግላ፣ በአዲስ ቅዳምም ሁኑ በቲሊሊ፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በእጃችሁ ካለ እስቲ ትንቢተ ዕንባቆም ምዕራፍ 3ን ግለጡ።

ዛሬ ስለ አንድ ዛፍ ልነግራችሁ ነው። ዲከረንስን የማያውቅ የአዊ ሰው አለ? ከሩቅ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ እኛ ግን እንደ ዘመድ ነው የተቀበልነው። አሲዳማው መሬት ለገብስና ለስንዴ እንቢ ሲል ገበሬው ወደ ዲከረንስ ዞረ። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር ይተከላል፣ ቀጥሎ በሥሩ ለከብት የሚሆን ሣር ይታጨዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ከሰሉ በጆንያ ሆኖ በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። በፋግታ ለኮማ ስንቱ የሣር ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፣ ስንቱ ልጅ በዚያ ገንዘብ ተማረ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ በረከት ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ቅጠሉ ይቀላ ጀመር። ባለሙያዎች እንደሚሉት በሽታው ስንዴን ከሚመታው ከዋግ ወገን የሆነ ፈንገስ ነው። አረንጓዴው ኮረብታ እሳት የላሰው ይመስል ቡናማ ሆነ። የአራት ዓመት ድካም፣ የልጅ ትምህርት፣ የብድር መክፈያ፣ ሁሉም ቆሞ ሲደርቅ ታየ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በአንድ ቀበሌ አያ የምንላቸው ትልቅ ወንድም ነበሩ። ለእህል ጥቂት አስቀርተው መሬታቸውን በሙሉ ዲከረንስ አልብሰውታል። ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር ጠሩኝ። ሄድኩ፣ በማሳው መካከል ቆሜ እጄን ዘርግቼ ጸለይኩ። መጸለዬ ጥሩ ነበር። ግን እዚያ ላይ አላቆምኩም። «አያ፣ አይዞዎት፤ ጌታ በሽታውን ገሥጾታል፣ ይህ ዛፍ አይደርቅም!» ብዬ አወጅኩ። ጌታ እንዲህ በል ብሎኝ ነበር? አላለኝም። ሰውየው እንዲጽናኑ ፈለግሁ፣ እኔም የእምነት ሰው መምሰል ፈለግሁ።

ዛፉ ደረቀ። አንድም አልቀረ።

እኔስ ምን አደረግሁ? አፈርኩ። በገበያ ቀን ሲመጡ ካየሁ በሌላ መንገድ እዞራለሁ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ሸሸሁ። በመጨረሻ መንፈስ ቅዱስ እንቅልፍ ሲነሣኝ ተነሥቼ ሄድኩ፣ በደጃፋቸው ቆሜ «ይቅር ይበሉኝ፣ ጌታ ያላለውን ተናገርኩ» አልኳቸው። አስገቡኝ፣ ቡና ተፈላ። ከዚያ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ልጄ፣ የዛፉስ ነገር ዛፍ ነው። የከፋኝ አንተ መቅረትህ ነው። ሌሊት ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣ ጸሎት እንኳ አይወጣኝም። ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ግን ብቻዬን አልነበርኩም። አንተ ቀረህ እንጂ ጌታ አልቀረም።»

ወገኖቼ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬ ያላገኘሁትን ትምህርት በዚያ ጎጆ ውስጥ ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ ዕንባቆምን በሌላ ዓይን ነው የማነበው። አራት ነገር ላካፍላችሁ።

አንደኛ፦ ማዘን አለማመን አይደለም። ሁላችንም በቁጥር 17 ያለውን የነቢዩን እምነት እናደንቃለን። ቁጥር 16ን ግን እንዘልለዋለን። እዚያ ነቢዩ የከለዳውያንን መምጣት ሰምቶ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩ ይርበደበዳል። እምነቱን የተናገረው እየተንቀጠቀጠ ነው! ጌታችን ራሱ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ጳውሎስም በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳናዝን ነገረን እንጂ ጨርሶ አትዘኑ አላለንም። ስለዚህ ያዘነውን ሰው «እምነትህ የት አለ?» አትበሉት።

ሁለተኛ፦ ጣት አንቀስር። ዛፉ ሲደርቅ «ኃጢአት ቢኖርባቸው ነው፣ አሥራት ቢያስቀሩ ነው» ያሉ አልጠፉም። ጌታ ግን በሉቃስ 13 የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናገረ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ከሠሩት ሁሉ የሚያምረው ያ ነበር። ነገር የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እኔም የተበላሸሁት እንደዚያው ነው።

ሦስተኛ፦ ተስፋችን የጠፋው ነገር መመለሱ ላይ አይደለም። ዕንባቆም ስድስት ነገር ይቆጥራል፦ በለስ፣ ወይን፣ ወይራ፣ እርሻ፣ በግ፣ ላም። በእኛ አገር ቢሆን ዲከረንሱ፣ ድንቹ፣ ዳጉሳው፣ ቀርከሃው፣ ፈረሱ ይል ነበር። ከዚያ በኋላ «ነገ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል» ይላልን? አይልም። ሁሉም ባዶ ሆኖ ሳለ በሚያድነው አምላክ ደስ እንደሚለው ይናገራል። እግዚአብሔር መመለስ ይችላል፣ ለኢዮብ መልሶለታል፤ እንለምነዋለን። ባይመልስስ? ያኔም ተስፋ አለን፤ ተስፋችን ሰው ነውና፣ ስሙም ኢየሱስ ነው።

ወደ ኤማሁስ የሚሄዱትን ሁለቱን አስታውሱ። ስለ ተስፋቸው ሲያወሩ እንዳለፈ ነገር ነበር የሚያወሩት። ዓርብ ቀን ሁሉም ነገር አልቆባቸዋል። የሞተባቸው ጌታ ግን አጠገባቸው እየሄደ ነበር፤ አላወቁትም እንጂ አልቀረም! ጴጥሮስም በየአገሩ ለተበተኑ ሰዎች ሲጽፍ ይህን ነው የነገራቸው፦ ከክርስቶስ ትንሣኤ የተነሣ ሕያው ተስፋ አለን፣ ርስታችንም የማይጠፋ፣ የማይበላሽ፣ የማይጠወልግ ነው። ዋግ አይመታውም። ሃሌ ሉያ!

አራተኛ፦ ተስፋ እጅ አለው። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ተከባ ሳለ፣ ኤርምያስ በእስር ቤት ሆኖ በዓናቶት ያለ እርሻ ገዛ፣ ውሉንም በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። ያ ገንዘብ ተስፋውን ነበር የሚመሰክረው። ያዕቆብም ለተራበ ወንድም ምንም ሳይሰጡ በሰላም ሂድ ማለት ምን ይረባል ብሎ ይጠይቀናል። ለአያም የጸሎት ቡድናችን በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው። ወንድሞች በሬ ይዘው መጡ፣ ጉቶ ነቀሉ፤ አንዲት እህት ለዘር የሚሆን ድንች አበደረች። መጀመሪያውኑ እንዲህ ማድረግ ነበረብን። በነገራችን ላይ፣ የግብርና ባለሙያ ምክር መስማት፣ ሁሉን መሬት በአንድ ዓይነት ተክል አለመሸፈን፣ እምነት ማጣት አይደለም። ጥበብም የእግዚአብሔር ስጦታ ናት።

ምናልባት የአንተ ዛፍ ዲከረንስ አይደለም። በድንገት የሞተብሽ ባል፣ የተዘጋ ሱቅ፣ የተቋረጠ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ በክልላችን ግጭት መንገድ የተዘጋበት፣ ልጁ ከትምህርት ገበታ የቀረበት፣ ወገኑን የቀበረ ብዙ ነው። ነገ ሁሉ እንደ ነበረ ይሆናል ብዬ አላውጅልህም፤ ይህን ከአያ ተምሬአለሁ። የምነግርህ አንድ ነገር ነው፦ ሰው ይቀራል፣ ፓስተርም ይቀራል፤ የተሰቀለውና የተነሣው ጌታ ግን አይቀርም። እስከ ዛሬ ሕይወትህን ካልሰጠኸው ዛሬ ስጠው። ያመንሽ ከሆንሽና የደከመሽ እንደሆነ፣ ቃል ባይወጣሽም በፊቱ ተቀመጪ። ደግሞም እስከ እሑድ ድረስ አንድ የቀረንበት ቤት እናስብና ሄደን ደጁን እናንኳኳ።

እንጸልይ። ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ዛፋችን ደርቋል፣ አንተ ግን ሕያው ነህ። ኃጢአታችንን ይቅር በለን፣ በደምህ አንጻን። ያዘኑትን በመንፈስ ቅዱስ አጽናና። የሸሸነውን ወደ ወንድሞቻችን መልሰን። ለምድራችን ሰላም ስጥ። በስምህ፣ አሜን።